የብክለት መለኪያ ንጽጽር፦ በኮምቦልቻና በደሴ ለውሃና ለአየር የትኛው ያዋጣል?

የውሃ ብክለት መለኪያ ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን በብራንድ ይጀምራል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የምፈልገው ኬሚካል ውሃው ውስጥ ያለው በምን መልክ ነው? ኮምቦልቻ ላይ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካ ፍሳሽ በየጅረቱ እየወረደ ቦርከና ወንዝ ይገባል። የአንዱ ፍሳሽ ጨው ይበዛበታል፣ ሌላው ቀለም፣ ሌላው ዚንክ፣ ሌላው ደግሞ የሚበሰብስ ነገር። ለቢራው ፍሳሽ ግሩም የሆነ መሣሪያ የቆዳውን ጭራሽ ላያየው ይችላል። በዚህ ጉዳይ ገዢን በብዛት የሚያስከስረው ክሮሚየም ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

ክሮሚየም፦ ኪቱ ለምን ዜሮ ያሳያል?

ክሮሚየም ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፦ ክሮሚየም ሦስትና ክሮሚየም ስድስት። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ሦስቱ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የክሮሚየም ኪቶች ደግሞ ዳይፊኒልካርባዛይድ በሚባል ኬሚካል ይሠራሉ፤ ይህ ኬሚካል ወደ ሐምራዊ የሚለወጠው ክሮሚየም ስድስት ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በክሮሚየም ሦስት የተሞላ ፍሳሽ ቀድታችሁ በኪሱ መለኪያ ብታዩት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ታገኛላችሁ። ኪቱ አልተበላሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 50 ማይክሮግራም በሊትር ግን የጠቅላላ ክሮሚየም ነው፤ ሁለቱም መልኮች ተደምረው ማለት ነው።

እንግዲህ ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው የሃና ቼከር ዓይነት የኪስ ፎቶሜትር (የናሙናውን ቀለም በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ነው፦ ኤችአይ 749 እስከ 300፣ ኤችአይ 723 እስከ 999 ማይክሮግራም በሊትር ክሮሚየም ስድስት ያነባሉ። በዶላር ሲታሰብ ዋጋው በአስሮች እንጂ በሺዎች አይደለም። የብረት ልባጭ ለሚሠራ ወይም በክሮሚየም ስድስት ለሚጠረጠር ቦታ ይሆናል፤ ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ግን ለብቻው ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው እንደ ሃክ ዲአር 900 ያለ ብዙ ነገር የሚለካ ተንቀሳቃሽ ፎቶሜትር ከጠቅላላ ክሮሚየም ሪኤጀንት (ናሙናው ላይ የሚጨመረው የመመርመሪያ ኬሚካል) ጋር ነው። አሠራሩ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ ናሙናው ላይ አልካላይን ሃይፖብሮማይት ይገባና በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ክሮሚየም ሦስቱ ወደ ስድስት ይለወጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ያው ሐምራዊ ቀለም ይነበባል። እዚህ ላይ ከፍታችን ጣልቃ ይገባል። ኮምቦልቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መመሪያው የተጻፈው ግን በ100 ለሚፈላበት አገር ነው። ለውጡ ሳይጠናቀቅ እንዳይቀር መጠኑ የታወቀ የክሮሚየም ሦስት ስታንዳርድ ከናሙናው ጎን ማሄድ ግድ ነው። ከ90 በመቶ በታች ከመለሰ የማፍያውን ጊዜ አስረዝሙና እንደገና ፈትሹ። ስታንዳርዱን ከመሣሪያው ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ ብዙ ገዢ ይህን ይረሳና በኋላ ቁጥሩን ማመን ያቅተዋል።

ሦስተኛው መሣሪያ አለመግዛት ነው። ናሙና በትክክል ቀድቶ አቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም አይሲፒ የሚባሉት የብረታ ብረት መለኪያ ማሽኖች ወዳሉት ላብራቶሪ መላክ። በወር አንድ ጊዜ ከሦስት ቦታ ለሚቀዳ ሰው የእኛ ምርጫ ይኸው ነው። ክሮሚየም ሦስት በገለልተኛ ውሃ ውስጥ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ስለሚወርድ፣ በአሲድ ሳይፈጭ የተለካ ቁጥር ሁሌም ያነሰ ይሆናል። ያንን መፍጨት ደግሞ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ አይሠሩትም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም ስላለው፣ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ከመላካችሁ በፊት እዚያ ምን እንደሚለኩ መጠየቅ አይከፋም።

ቀድቶ ለመላክ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በተቀጠነ ናይትሪክ አሲድ የታጠበና በንጹሕ ውሃ የተለቀለቀ፤ የማዕድን ውሃ ላስቲክ ዳግም መጠቀም አይመከርም። ለጠቅላላ ብረታ ብረት በሊትር 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ኮንሰንትሬትድ ናይትሪክ አሲድ ጨምራችሁ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከ2 በታች መውረዱን በወረቀት አረጋግጡ። ፍሳሹ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ከሆነ ከዚያም በላይ አሲድ ይጠጣል። እንዲህ የተጠበቀ ናሙና ወራት ስለሚቆይ የአውቶቡሱ ጉዞ አያሳስብም። ክሮሚየም ስድስት ግን በተቃራኒው ነው፦ አሲድ አይነካውም፣ በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ መነበብ አለበት። ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ ልላክ የሚል ካለ አንዱን ማጣቱ አይቀርም። ናይትሪክ አሲድ ቆዳና ልብስ ይበላል፤ ጓንትና መነጽር ከወጪው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ።

ስትሪፕ፣ ቼከር ወይስ ትልቁ ፎቶሜትር?

ስትሪፕ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ ከካርድ ጋር የሚነጻጸር ወረቀት፣ ርካሽ ነው፤ ጥቅሙም የማንቂያ ያህል ነው። ለናይትሬት፣ ለፒኤች፣ ለውሃ ጥንካሬ (ለካልሲየምና ማግኒዚየም መጠን) "ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?" የሚለውን ይመልሳል። ከማቅለሚያ ክፍል የወጣ ውሃ ላይ ግን አይሠራም፤ የውሃው ቀለም የወረቀቱን ይሸፍነዋል። በቢጫ አምፖል ስር ማንበብም ሌላው ስህተት ነው፤ በጥላ፣ በቀን ብርሃን፣ ካርዱ ላይ በተጻፈው ሰከንድ ይነበብ።

ቼከር አንድ ነገር ብቻ ይለካል፤ ያንን ግን ደህና አድርጎ። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ብልቃጡ ውስጥ ይገባል፣ ሪኤጀንት ሳይጨመር ዜሮ ይደረጋል፣ ከዚያ ፓኬቱ ተጨምሮ ይነበባል። ዜሮው የሚወሰደው በራሱ በናሙናው ስለሆነ መጠነኛ ቀለም ይሰረዛል። ደፍራሽ ውሃ ግን ደለሉ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ስለሚረጋ ቁጥሩን ያዛባል፤ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት፤ ያን ጊዜ የምታገኙት የሟሟውን ብቻ እንደሆነ መዝገባችሁ ላይ ጻፉ። ብልቃጡ ላይ የጣት አሻራ፣ የአየር አረፋ፣ ጭረት፦ "ማሽኑ ይዋሻል" ከሚባልባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው።

ናይትሬት ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። አንዱ መሣሪያ እንደ ናይትሬት፣ ሌላው እንደ ናይትሮጅን ያነባል። የሁለቱ ልዩነት 4.43 እጥፍ ነው። የመጠጥ ውሃው መለኪያ 50 ሚሊግራም በሊትር ናይትሬት፣ በናይትሮጅን ሲነበብ 11 ገደማ ነው። ሁለት መሣሪያ አወዳድሮ "አንዱ ተበላሽቷል" ያለ ሰው መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት ይይ።

ትልቁን ፎቶሜትር መግዛት የሚያዋጣው አምስትና ከዚያ በላይ ነገሮችን በየሳምንቱ ለሚለካና የተመደበ ሰው ላለው ተቋም ነው። ያለበለዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ያድራል። ደግሞ የምትገዙት ሣጥኑን ሳይሆን ሪኤጀንቱን ነው። እስኪ እንቁጠር፦ ከፍሳሹ በላይ፣ መውጫው ላይ፣ ከፍሳሹ በታች፣ አንድ ድጋሚ፤ በሳምንት 4 ምርመራ። በዓመት 208። የቼከር ጥቅል 25 ምርመራ ከያዘ 9 ጥቅል ለአንድ ኬሚካል ብቻ። ይህንን በአምስት አባዙትና ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አስተያዩት። በጨረታ ሰነዱ ላይ "ርክክብ ሲደረግ ቢያንስ 12 ወር የቀረው" የሚል ሐረግ ይግባ፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው ሪኤጀንት በቅናሽ ሲቀርብ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዱቄት ሪኤጀንት ከፈሳሹ ይሻላል፤ ጉዞም ሙቀትም ይችላል።

ሲኦዲ (በውሃው ውስጥ ያለውን ብክለት በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን) የሚለካ ካለ፦ ብልቃጦቹ ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ዳይክሮሜትና ሜርኩሪ አለ። 2 ሚሊ ሊትር ናሙና ይገባና በ150 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይቀቀላል። ማሞቂያው መብራት ሲጠፋ ስለሚቋረጥ ያለ ጄኔሬተር አትጀምሩት። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጨዋማ ነው፤ ክሎራይዱ በሊትር ከ2000 ሚሊግራም ካለፈ ሜርኩሪው መያዝ ያቅተውና ሲኦዲው ከእውነቱ በላይ ይወጣል። መጀመሪያ ማቅጠን ነው መፍትሔው። ያገለገለውን ብልቃጥ ቱቦ ውስጥ የሚደፋ ሰው ብክለት ሲለካ ብክለት እየጨመረ ነው፤ ለማስወገጃው ቦታ ከሌላችሁ ይህን ምርመራ ለላብራቶሪ ተዉት።

መጀመሪያ የሚገዛው

በጀት አንድ ነገር ብቻ ከፈቀደ፣ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር፣ ማለትም ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን እየለካ ጨዋማነቱን የሚያሳየው። ጥያቄ የለውም። የጨርቃ ጨርቅም የቆዳም ፍሳሽ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ቁጥሩ ወዲያው ይዘላል፤ ሪኤጀንትም አይበላም፣ በ1413 ማይክሮሲመንስ ስታንዳርድ ይስተካከላል፣ ያ ብቻ ነው። ለመስኖ የተለመደው መለኪያም አብሮ ይሠራል፦ ከ700 በታች አያሳስብም፣ ከ700 እስከ 3000 ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ከ3000 በላይ ለአብዛኛው አትክልት ከባድ ነው። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ለማጠቢያና ለማቅጠኛ ከመጠቀማችሁ በፊትም በሱ ፈትሹት፤ ከ10 በላይ ካነበበ ተዉት።

ገንዘቡ ትንሽ ከፍ ካለ በየ15 ደቂቃው የሚመዘግበውን ሎገር እንመርጣለን። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት የተቀዳ ናሙና ሌሊት የተለቀቀን ፍሳሽ አይይዝም፤ ሎገሩ ግን ሰዓቱን ይነግራችኋል፣ ለላብራቶሪም መቼ መቅዳት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ቀዳዳ በተበሳበት የብረት ቱቦ ውስጥ ከትታችሁ ከድልድይ ምሰሶ ጋር በቁልፍ እሰሩት፤ ያለዚያ በክረምት ጎርፉ፣ በበጋ ሌባው ይወስደዋል።

የፒኤች ሜትር ሲገዛ ኤሌክትሮዱ የሚቀየረውን ምረጡ፤ ኤሌክትሮድ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው ዕድሜው። በ4.01፣ በ7.01ና በ10.01 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ) ይስተካከላል። በፖታሲየም ክሎራይድ ይቀመጥ እንጂ በዲስቲልድ ውሃ አይነከር፤ ዲስቲልድ ውሃ የውስጡን ጨው እየሳበ ያደክመዋል።

የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት 607 እና 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ 9.1 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚይዘው 7.2፣ ደሴ ላይ 6.6 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 6.5 ያነበበ የደሴ ምንጭ ጤነኛ ነው። ባሮሜትር የተገጠመለትን ግዙ። ከሌለው ግፊቱን ከስልክ የአየር ትንበያ ላይ አትውሰዱ፤ እዚያ የሚታየው 1015 ምናምን ሄክቶፓስካል ወደ ባሕር ጠለል የተለወጠ ቁጥር ነው፣ እሱን ካስገባችሁ የመሣሪያው ማስተካከያ ከሩብ በላይ ይሳሳታል። በብርሃን ከሚሠራው ኦፕቲካልና በስስ ሽፋን ከሚሠራው ሜምብሬን ኦፕቲካሉ ውድ ቢሆንም ይመረጣል፤ ሜምብሬኑ ኤሌክትሮላይት ይፈልጋል፣ ይቀደዳል፣ ናሙናውም ካልተማሰለ ዝቅ አድርጎ ያነባል።

አየር

ለብናኝ፣ በሌዘር የሚሠሩት ርካሽ ሴንሰሮች (ፒኤምኤስ 5003 ዓይነት) የጭስ ብናኝን ደህና ያዩታል፤ የመንገድ አቧራን ግን አይደለም። ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮን ስፋት ያለው ብናኝ) ብለው የሚያሳዩት ቁጥር አብዛኛው ግምት ስለሆነ ለአቧራ ክርክር አትጠቀሙበት። የደሴ ጉም ሌላው ችግር ነው፦ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲያልፍ የውሃ ጠብታውን ብናኝ ነው ብለው ይቆጥራሉ፤ የሐምሌና የነሐሴ ጠዋት ቁጥር ከእርጥበት ንባቡ ጋር ካልታየ ትርጉም የለውም። ሁለት ገዝታችሁ ለአንድ ሳምንት ጎን ለጎን ስቀሉ፤ ካልተስማሙ ከመትከላችሁ በፊት ታውቃላችሁ። ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍታ፣ ከማድ ቤት ጭስ የራቀ ይሁን። ኤምኪው 135 የሚባለውን የጋዝ ሴንሰር ለቁጥር ብሎ መግዛት አያስፈልግም፤ አልኮልንም አሞኒያንም ጭስንም አንድ ላይ ነው የሚያየው።

ለመጥፎ ሽታ፣ ማለትም ለሃይድሮጅን ሰልፋይድና ለአሞኒያ፣ በእጅ ፓምፕ አየር የሚሳብባቸው የመስታወት ቱቦዎች ቀላልና አስተማማኝ ናቸው። እነሱም ለከፍታ መስተካከል አለባቸው፦ የተነበበው ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል ጋዙ ስንቱ እንደሆነ)፣ 1013ን ለአካባቢው ግፊት በሄክቶፓስካል በማካፈል በሚገኘው ቁጥር ይባዛል። ኮምቦልቻ ላይ 1.25፣ ደሴ ላይ 1.36 ነው። 8 ያነበበ ቱቦ ኮምቦልቻ ላይ 10 ማለት ነው። የቱቦ ጥቅል ስትቀበሉ ጫፉ ላይ ያለውን የመጠቀሚያ ጊዜ እዩ፤ ያለፈበት ቱቦ ንባቡ አይታመንም።

ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ለሚወርድ ሠራተኛ ግን ቱቦ አይበቃም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ100 ፒፒኤም አካባቢ ጀምሮ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለቀነሰ ይመስላል። ለዚህ ደረት ላይ የሚሰካ፣ የሚጮህና የሚንቀጠቀጥ ኤሌክትሮኬሚካል ማንቂያ ነው የሚገዛው፤ ከመውረዱ በፊት በየቀኑ በሙከራ ጋዝ የሚፈተሽ። የሙከራ ጋዙ ሲሊንደር ከማንቂያው ጋር በአንድ ትዕዛዝ ይምጣ፤ ለብቻው በኋላ ማስገባት ከማንቂያው ይብሳል።