ተጠንቀቁ! በ300 ዩሮ ቅናሽ «ነጋዴ» ተደርጌያለሁ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከበረደ አልጽፈውም። ራሴን አውቀዋለሁ፣ «ይቅር፣ ያልፋል» ብዬ እተወዋለሁ። ስለዚህ ተሯሩጬ ስጽፍ ለሳትኩት ፊደል ይቅርታ።

ነገሩ የሆነው ያገለገለ መኪና ስገዛ፣ እዚህ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ከተማው ዳር ጠጠር የተነጠፈበት ግቢ፣ ተጠጋግተው የቆሙ መኪኖች፣ መሀል ላይ ቢሮ የሆነ ኮንቴይነር። መኪና አቁማችሁ ስትመለሱ መስኮቱ ላይ «መኪናህን እንገዛለን» የሚል ካርድ ተሰክቶ የምታገኙት የእነሱ ነው። በሩን ሳትከፍቱ «ብሩደር»፣ ወንድሜ፣ ትባላላችሁ። ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል። ይሄን ሁሉ አውቄ ነው የገባሁት። ሳላውቅ ብገባ እንዲህ አልናደድም ነበር።

መኪና የግድ ያስፈልገኝ ነበር። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። የጠዋት ፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚመጣው 12 ከሩብ ነው። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እዚህ ኑሮ ከጀመራችሁ በኋላ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ጽሑፉንም መንዳቱንም እንደ ጀማሪ ተፈትኜ አወጣሁ። ስንት ዓመት የነዳሁ ሰውዬ «መስታወት አላየህም» ተብዬ አንዴ ወድቄያለሁ። እሱን ተዉት፣ ሌላ ቀን።

ማስታወቂያው የ2012 ስቴሽን ዋገን ይላል። አውቶማቲክ፣ 158,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ 5,200 ዩሮ፣ «ቱፍ ኖይ»። ገና ለመጣችሁ፣ ቱፍ እንደ እኛ ቦሎ የመኪናውን ደህንነት የሚመረምሩበት ነው፣ ያገለገለ መኪና በየ2 ዓመቱ ይታያል። «ኖይ» ሲሉ አሁን ተመርምሮ አልፏል ማለታቸው ነው። ገጹን ባለቤቴ ታየው ብዬ ወረቀት ላይ አተምኩት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሠራሁት ብልህ ነገር ይሄ ብቻ ነው። እሱም በአጋጣሚ።

እዚያ ስደርስ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሙቅ ነው። «ብርድ ስለሆነ ላንተ ብዬ አሞቅኩት» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት! ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ እንዳልሰማ አድርጎኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ዳንከ ሽን እላለሁ። ሠፈሩን አንድ ዙር ዞርን። ፍሬኑን ያዝ ያዝ አደረግኩ፣ ካምቢዮው ሲቀይር አዳመጥኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው ጎማውን በእግሬ ነካ ነካ አደረግኩ። ጎማ በእግር ሲነካ ምን እንደሚነግረን እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባን።

ይቺን ሰዓት ሌሊት ሌሊት እየመጣችብኝ ነው የምትቀሰቅሰኝ። እሱ ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፣ ደቃቅ ጽሑፍ። ሻዬ ገና አልተነካም። «ብሪፉ አለ?» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ብሪፍ የሚሉት ቤት የሚቀመጠውን የሊብሬውን ክፍል ነው። መኪናው በብድር የተያዘ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባንኩ ጋ ነው የሚሆነው። ሰው ሁሉ «ብሪፉን ሳትይዝ ገንዘብ እንዳትሰጥ» ሲለኝ ስለከረመ፣ እሱን ከጠየቅኩ ሁሉን የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር። መሳቢያውን ከፈተና አወጣው። የሻሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳከርኩ። ልክ ነው። ሻዬን አነሳሁ።

የመጀመሪያውን ገጽ ፈረምኩ። ሁለተኛውን ራሱ ገለጠልኝ። አውራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና «እዚህ፣ ከዚያ እዚህ» አለኝ። ከአውራ ጣቱ በላይ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። አንደኛው አጠገብ ያለውን ቃል አውቀዋለሁ፣ «ጌቬርበ» የሚል አለበት። ንግድ ማለት ነው። ቋንቋ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ፈተና ላይም መጥቶልኝ መልሼዋለሁ! እስክሪብቶውን አቆምኩ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ሳቅ አለ። «ፎርሙላር ነው ብሩደር፣ የግብር ነገር ነው። እሱን ካደረግንልህ 300 ዩሮ ልቀንስልህ እችላለሁ» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሳጥኑ ውስጥ ኤክስ አደረገ፣ በራሱ እስክሪብቶ። 5,200 የሚለውን ሰርዞ 4,900 ጻፈ፣ አጠገቡ ፈረመበት። ከዚያ ያንኑ እስክሪብቶ አዙሮ በጭራው በኩል አቀበለኝ።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ሳልከራከር 300 ዩሮ አስቀነስኩ ብዬ፣ ለባለቤቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ ፈረምኩ። ከግማሽ ሰዓት በፊት «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «አረጋውያን እንከባከባለሁ» ብዬዋለሁ። ሽንት ጨርቅ የምቀይር ሰው መኪና ነጋዴ ነኝ ብዬ ፈረምኩ፣ እየሳቅኩ።

ያቺ ኤክስ ምን እንዳጠፋች የገባኝ በኋላ ነው። እዚህ አገር ነጋዴ ለግለሰብ ሲሸጥ ለዕቃው ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት በውል መሰረዝ አይችልም። ላገለገለ ዕቃ ቢበዛ ጊዜውን ወደ 1 ዓመት ማሳጠር ነው የሚችለው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በመጀመሪያው 1 ዓመት ውስጥ ጉድለት ከታየ፣ ስሸጠው አልነበረበትም ብሎ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ገዢው ነጋዴ ከሆነ ግን ኃላፊነቱን በውል መሰረዝ ይቻላል። ያንን ሁሉ ነው በ300 ዩሮ የገዛኝ።

መኪናውን አንድ ልጅ በቀይ የነጋዴ ታርጋ ነድቶ መሥሪያ ቤቴ ግቢ አደረሰልኝ። ወዲያው ታርጋዎቹን ፈታ፣ ብብቱ ሥር ሸጎጣቸውና በእግሩ ሄደ። መኪናው ራቁቱን ቀረ። ያኔ እንኳ አልጠረጠርኩም።

የምዝገባው ቀጠሮ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀት፣ የኢንሹራንሱ ኮድ፣ የመኪና ግብር የሚቆረጥበት የባንክ ቁጥር፣ ሁሉ አለኝ። የታርጋ ቁጥሩንም በኢንተርኔት አስይዣለሁ፣ የልጄ የልደት ቀን። መዝጋቢው ቢሮ ፊት ለፊት ያሉት ታርጋ ቤቶች ሲጠሩኝ ጊዜ ልቆጥብ ብዬ ከተራዬ በፊት አሠራሁት። ሁለት አዲስ ታርጋ ታቅፌ ገባሁ።

ሴትዮዋ ወረቀቶቹን እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደረቻቸው። አንዱ ላይ ቆመች። «ምርመራው?» አለች። «አዲስ ነው፣ ቱፍ ኖይ» አልኩ። «የት አለ?» ያተምኩትን ማስታወቂያ ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ይሄ ማስታወቂያ ነው» አለች። ከዚያ የሊብሬውን ትንሹን ክፍል፣ መኪና ውስጥ የሚያዘውን፣ አዞረችልኝና በእስክሪብቶዋ ነካች። የሚቀጥለው ምርመራ የሚደረግበት ወርና ዓመት እዚያው ተጽፏል። ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ።

«ሻጩ ነግሮኝ ነበር እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ጀርመንኛዬ ጠፋ። ሲደነግጡ መጀመሪያ የሚጠፋው ቋንቋ ነው። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ቃላቱን ቆራረጠቻቸው፣ ጆሮዬ የማይሰማ ይመስል። «ያለ፣ ምርመራ፣ ምዝገባ፣ የለም።» ወረቀቶቼን ሰብስባ ገፋችልኝና «በሚቀጥለው ጊዜ ጀርመንኛ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ» አለች። እርስዎ እየተባልኩ እንደዚያ የተዋረድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እዚያ ሁለቱን ታርጋ ጭኔ ላይ አድርጌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ማኅተም የሌለው ታርጋ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ምንም።

ከዚያው በቀጥታ ኮንቴይነሩ ጋ ሄድኩ። ሻይ የለም። «ብሩደር»ም የለም። ማስታወቂያውን አሳየሁት፣ ትከሻውን ነቀነቀ። ውሉን ከመደርደሪያ አወጣ፣ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። ያኔ በአውራ ጣቱ የሸፈነውን አሁን በሌባ ጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «ገዢው ነጋዴ ነው፣ ኃላፊነት የለም፣ መኪናው እንዳለ ተሸጧል።» አንድ በአንድ፣ በጣም ግልጽ በሆነ ጀርመንኛ። ያን ቀን እንዲህ ማንበብ የት ሄዶበት ነበር? ከዚያ ሳቀና «አንተ ነጋዴ ነህ። ነጋዴ ደግሞ አያለቅስም» አለኝ። ለበሩ ስደርስ «ከፈለግክ በ1,500 መልሼ እገዛዋለሁ» ብሎ ጨመረ። መኪናውን ያደረሰልኝ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ፈገግ ብሎ ነበር።

ለምርመራ በተጎታች ወሰድኩት፣ ሌላ ወጪ። መርማሪው በትንሽ መዶሻ ከሥር ነካ ነካ አደረገው። አንድ ቦታ ላይ መዶሻው ገባ። ዝገቱ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ነበር። የፍሬን ቱቦዎቹም በዝገት ተበልተዋል። ወድቋል። ጋራዡ 3,400 ዩሮ ብሎኛል፣ ካምቢዮውን ገና ሳያዩት። ኢንሹራንሱም እዚህ ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ውዱ ደረጃ ነው። ሒሳቡን ለባለቤቴ አልነገርኳትም ነበር፣ ይሄን ስታነብ ታየዋለች።

ትናንት አንድ ጠበቃ አናገርኩ። ሻጩ ግለሰብ መሆኔን እያወቀ ነጋዴ አድርጎ ካስፈረመኝ ያቺ ሳጥን ላታድነው ትችላለች አለኝ። «ማወቁን በምን ታስረዳለህ? ምስክር ነበረህ?» እኔና ሻዬ ነበርን። ግን ያቺን ያተምኳትን ወረቀት ሲያያት ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሻጭ በማስታወቂያ «ቱፍ ኖይ» ብሎ የጻፈው ለክርክር ይጠቅማል አለ። ዛሬ ደብዳቤ ወጥቷል፣ ሁለት ሳምንት ተሰጥቶታል። ምን እንደሚሆን እናያለን። እስከዚያ በንጋት ፈረቃ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ታደርሰኛለች፣ በየቀኑ እየተሳቀቅኩ።

ምክር ከተባለ፣ ውሉን ሳትፈርሙ ፎቶ አንሡና ጀርመንኛ ለሚችል ሰው ላኩት። እስኪመልስላችሁ የማይጠብቅ ሻጭ ከሆነ ውጡ። «ጌቬርበ»፣ «ሄንድለር» (ነጋዴ) ወይም «ኤክስፖርት» (ወደ ውጭ አገር መላክ) የሚል ካለበት አትፈርሙ። የምርመራውን ወር ትንሹ ሊብሬ ላይ ራሳችሁ እዩ። መኪናው ታርጋ ካለው ደግሞ የኋላው ታርጋ ላይ ክብ ተለጣፊ አለ፣ መሀሉ ላይ ያለው ቁጥር ዓመቱ ነው፣ ከላይ በኩል የዋለው ወሩ። ጠበቃው ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር፣ ረሳሁት።

ይሄን ልጽፍ ስቀመጥ የሰውየውን ገጽ ከፈትኩት። የኔ መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ግራጫ መኪና አቁሞ ፎቶ አንሥቶ ለጥፏል። 4,600 ዩሮ፣ «ቱፍ ኖይ»።