በመሮ ብቻ ወይስ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ?

በባሕር ዳር የጠረጴዛን እግር ከአግዳሚው ጋር በእጅ ለማያያዝ የሚፈልግ አናጺ፣ ምላሱ (በአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀርጾ የሚወጣው ቀጭን ክፍል) የሚገባበትን ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመሮ ሊቆፍር፣ ወይም አስቀድሞ በመሰርሰሪያ በስቶ የቀዳዳውን ግድግዳ በመሮ ሊያጠራ ይችላል። ለዋንዛ የመጀመሪያውን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ እንጨቱ ለመሮ የሚታዘዝ ሲሆን፣ የቀዳዳውን ስፋት የሚወስነውም የመሮው ስፋት ራሱ ነው፤ ይህም ከእንጨቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ማለትም በ36 ሚሊሜትር እንጨት ላይ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። ከቀዳዳው ሁለት ጫፎች 2 ሚሊሜትር ያህል ማስተረፍ ግን ግድ ነው፤ ፍቅፋቂው ሲፈነቀል የሚጨፈለቀው ጠርዝ በመጨረሻው ቀጥ ያለ ምት ተቆርጦ ይወገዳልና። በጠንካራው ወይራ ላይ የመሮው ስለት ቶሎ ስለሚዶለዱም፣ ከቀዳዳው ጥቂት በጠበበ መሰርሰሪያ መብሳቱ ይሻላል፤ መሰርሰሪያው ካዘመመ ግን ግድግዳው ይበላሻል።