ልሸጠው የነበረው ቤዝ ጊታሬ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የመጀመሪያ ቤዝ ጊታሬን ገና በሦስተኛው ወር ልሸጠው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ጥፋቱ የጊታሩ አልነበረማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊታሩን ከአንድ ትንሽ የመለማመጃ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ በስፒከር የሚያወጣ ሳጥን) ጋር ገዛሁ። አምፑ 10 ዋት ነው፤ ስፒከሩ 6 ኢንች ተኩል። ቀጫጭኖቹ ክሮች፣ ዲ እና ጂ፣ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ወደ ወፍራሙ ኢ ክር ስወርድ ግን ድምፁ ይጠፋል። ክሩ ጣቴ ስር ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል። ሆዴ ላይ ያረፈው እንጨት ሳይቀር ይነዝረኛል። ከአምፑ የሚወጣው ግን ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ብቻ።

ያልሞከርኩት የለም። ክር ቀየርኩ። ፒክአፑን፣ ማለትም ከክሮቹ ስር ሆኖ ንዝረታቸውን የሚቀበለውን ክፍል፣ በካቻቢቴ ወደ ክሩ አስጠጋሁ። የአምፑን የቤዝ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ጭራሽ ባሰበት፤ ስፒከሩ ይንኮሻኮሽ ጀመር። መጀመሪያ "እጄ ነው" አልኩ። ቀጥሎ "አይ፣ ጊታሩ ነው" ብዬ ገዢ መፈለግ ጀመርኩ።

አንድ ማታ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ተኝቶ ስለነበር አምፑ ላይ ሄድፎን ሰካሁ። ኢ ክርን ክፍቱን፣ ማለትም በጣቴ ሳልጫነው፣ መታሁት። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ቶሎ የማይሞት። ያው ጊታር፣ ያው ክር፣ ያው እጅ! ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን ሲውጥብኝ የነበረው ስፒከሩ ነው።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። ክፍት ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ የሚባለው ነው። ትንሽ ስፒከር፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ለዚህ የሚበቃ አየር መግፋት አይችልም። ከእሱ የሚሰማን እጥፉ፣ ማለትም 82 ኸርዙና ከዚያ በላይ ያለው ነው። ቤዙን ስከፍትለት የማይችለውን ሸክም ነበር የጨመርኩበት።

ሻጩ "ለቤት ይበቃሃል" ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ጎረቤት ላለመረበሽ ከሆነ አዎ፣ ይበቃል። እኔ ግን ጆሮዬን የማሠለጥነውም እዚያው ቤት ነው። ጀማሪ ሰው የሚያወጣው ድምፅ ካላማረው ራሱን ነው የሚጠራጠረው፣ አምፑን አይደለም። ስትሞክርልኝ ጂ ክር ላይ ነበር ስትሮጥ የነበረው። ኢ ክርን አንዴ ብትመታልኝ ኖሮ እዚያው እሰማው ነበር። "20 ዋቱን ውሰድ" ብትለኝስ? ስፒከሩ ያው ትንሹ ከሆነ ዋቱ ብቻውን ምን ያደርግልኛል?

ጊታሩን ግን በማንም ፊት እከራከርለታለሁ። ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፤ ጊታር ሠሪው ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ካወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ጀምሮ የተለመደው ልክ። መጀመሪያ ሰሞን የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች አንዱ) ላይ ለመድረስ ጣቴ ይታመም ነበር። 30 ኢንቹን አጭር ቤዝ ባለመውሰዴም ቆጭቶኝ ነበር። አሁን ትዝ አይለኝም። አንገቱ አንዴ ትንሽ ጎብጦ፣ ውስጡ ያለውን ብረት ሩብ ዙር ሳጠብቀው ተስተካከለ። ሌላ ችግር አላየሁበትም።

አምፑን አሁን መሬት ላይ፣ የግድግዳ ጥግ አስጠግቼ ነው የማስቀምጠው። ጥግ ላይ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ይጎላል። ቤዙን ከግማሽ በታች አወርዳለሁ፣ ሚዱን፣ ማለትም የመካከለኛውን ድምፅ ማዞሪያ፣ ከፍ አደርጋለሁ። ቢያንስ የትኛውን ኖታ እንደመታሁ ይለያል። ከልቤ መለማመድ ስፈልግ ሄድፎኑን እሰካለሁ።

ለባለ 12 ኢንች ስፒከር አምፕ እያጠራቀምኩ ነው። ልገዛ ስሄድ የራሴን ጊታር ይዤ ነው የምሄደው። ሻጩ አፉን ሳይከፍት ኢ ክርን ክፍቱን እመታዋለሁ።