ባሕር ዳር ላይ ማንዶሊን ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቀሪውን ሂሳብ ሳትከፍሉ ማስመሪያ ያዙ

ባለፈው ክረምት 18 ሺህ ብር ከፍዬ በእጅ የተሠራ ማንዶሊን ገዛሁ። አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሲያዩት ያምራል። ሲመቱት ግን ጆሮ ይዞ ያስሮጣል።

ያደግሁት አባቴ የአየለ ማሞን ማንዶሊን በሬዲዮ ሲያዳምጥ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ ምኞቱ የቆየ ነው። ከውጭ ላስመጣ ብዬ ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። ከዚያ ቴሌግራም ላይ እዚሁ ባሕር ዳር የሚሠራ ባለሙያ አገኘሁ። ቪዲዮም ነበረው። እጁ ይመታል፣ ድምፁ ይንቆረቆራል። ኋላ ላይ ደግሜ ሳየው እጁና ድምፁ አይገናኙም። ሙዚቃው ከላይ የተጫነ ነው። ያኔ ማን አስተውሎ!

የባለሙያውን ስምም ሰፈራቸውንም አልጽፍም። ሌባ ናቸው ብዬ አላምንም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ለዚያም ነው ይህን የምጽፈው።

ወርክሾፑ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ግድግዳው ላይ ክራርና ማሲንቆ ተደርድሯል። አንዱን ክራር አንስቼ ስነካው ልቤ ቀለጠ። «ጋሼ፣ ማንዶሊንስ ይሠራሉ?» አልኳቸው። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ እሱም እንጨትና ክር አይደል?» አሉኝ። እኔም 9 ሺህ ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ።

እንጨትና ክር! ስህተቱ ያለው እዚያች ንግግር ውስጥ ነው።

ክራር ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የሚቀበሩት የብረት መስመሮች፣ የለውም። ትዝታ ሲያምርህ ትዝታ፣ ባቲ ሲያምርህ ባቲ ትቃኘዋለህ። ሠሪው ትንሽ ቢሳሳት ክሩን አጥብቀህ ወይ አላልተህ በጆሮህ ታስተካክለዋለህ። ማንዶሊን ላይ እንዲህ የለም። ፍሬቱ አንዴ ከተቀበረ ድምፁም እዚያው ተቀበረ። አንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ይሰማል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ማንዶሊን ላይ ከራስጌው ክር ማረፊያ እስከ በርኩማው (ክሮቹን ፊቱ ላይ ደግፎ እስከሚይዘው እንጨት) ያለው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 12ኛው ፍሬት የሚቀመጠው ልክ ግማሹ ላይ ነው፤ ማለትም 17 ሴንቲ ተኩል። የመጀመሪያው ፍሬት ከራስጌው ወደ 2 ሴንቲ ይርቃል። ከዚያ በኋላ ክፍተቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ ሁለት እኩል ክፍተት የለም። የእኔ ላይ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ያሉት ሁሉም እኩል ናቸው። በዓይን ተገምተው የተመቱ ናቸው ማለት ነው።

የባሰው በርኩማው ነው። ከራስጌው እስከ 12ኛው ፍሬት 17 ሴንቲ ተኩል ሆኖ፣ ከዚያ እስከ በርኩማው 18 ሴንቲ ከ2 ሚሊ ነው። ሰባት ሚሊ ትርፍ! ማንዶሊን ላይ በርኩማው አይጣበቅም። የክሩ ጭነት ራሱ ይዞት ይቆማል፤ ስትፈልግ ወዲህ ወዲያ ታንሸራትተዋለህ። የእኔ በኮላ ተለጥፏል። ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬ መጥቶ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ስንት እንደከፈልኩ ሲሰማ ዝም አለ።

ደግሞ አንገቱ አለ። ማንዶሊን 8 የብረት ክሮች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይቃኛሉ። ስምንቱ በአንድ ላይ ሲወጠሩ ጉተታቸው ከ70 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀንና ሌሊት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደማደር ቁጠሩት። ለዚህ ነው አንገቱ ውስጥ ብረት ወይም በጣም ጠንካራ እንጨት የሚቀበረው። የእኔ ውስጥ ምንም የለም። በሁለት ወር ውስጥ ጎበጠ። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሁለት ሚሊ አካባቢ መሆን ሲገባው አምስት ደረሰ። ስጫን ጣቴ ይቆስላል።

እንጨቱ ዋንዛ ነው ተብዬ ነበር፤ ነውም። ዋንዛ ክፉ እንጨት አይደለም፤ በገና ይሠራበታል። ግን አልደረቀም። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ዳር ልብስ እንኳ ሳይደርቅ ነው የሚዋለው፤ እንጨት እንዴት ይደርቃል? የካቲት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ፊቱ ከቀዳዳው ጀምሮ ተሰነጠቀ። ቫርኒሹ ወፍራም ስለሆነ መጀመሪያ ጭረት መስሎኝ ነበር። ጀርባውስ? ጀርባው የዋንዛ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው።

መልሼ ወሰድኩት። «ሲቆይ ይለመዳል» አሉኝ። እኔ ልለምደው ነው ወይስ እሱ ሊለምደኝ? «ጋሼ፣ ገንዘቤን ቢመልሱልኝስ?» ስላቸው «እንጨቱን በላሁት እንዴ?» ብለው ተቆጡ። በእጄ ወረቀት የለም። ምን ብዬ ልክሰስ?

እኔ ያጠፋሁት የመረከቢያው ቀን ነው። ያን ዕለት በርኩማው ላይ የደረቀ ኮላ አይቻለሁ። ጠርጥሬያለሁም። ግን ቀብዱ ሊቀልጥ ነው ብዬ ሌላ 9 ሺህ ጨመርኩበት። ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ላይ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ቢከፋ ቢከፋ የምከስረው 9 ሺህ ነበር፤ በይሉኝታ 18 አደረግሁት።

እናንተ ስትሄዱ ባለ 30 ሴንቲ ሜትሯን የተማሪ ማስመሪያ ያዙ። ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ ጫኑ፤ ነፃ ነው። 12ኛው ፍሬት አናት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ጫፍ ብቻ ነክታችሁ ምቱት። እንደ ደወል ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። አሁን እዚያው ፍሬቱን ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ መጀመሪያ በርኩማው ይነካካ፤ እሱ አልፈታው ካለ ጫማችሁን አጥብቃችሁ ውጡ። ቀብድ ስትሰጡም የእንጨቱ ዓይነት፣ የርዝመቱ ልክ፣ የመረከቢያው ቀንና «ካልተቃኘ ገንዘብ ይመለሳል» የምትለው ነገር በወረቀት ትስፈር። ባለሙያው ከዚህ በፊት የሠሩትን ማንዶሊንም በእጃችሁ ይዛችሁ ምቱ። ክራራቸው ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እኔ የተሸወድኩት በክራሩ ነው፤ ክራሩማ ዛሬም ግሩም ነው።

ባለፈው ሳምንት ቤት የመጣ እንግዳ ግድግዳው ላይ አይቶት «ለልጄ በ12 ሺህ ሽጥልኝ» አለኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ ማስመሪያውን አምጥቼ ሰጠሁት። ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ቡናውን ጠጣና ሄደ።