ማስጠንቀቂያ፦ በድሬዳዋ ለብቻው ስለሚሸጠው «የሙሉ ቀን የበረዶ ተራራ ጉብኝት»

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው የመርከብ ጉዞ ለሚጋብዟቸው የድሬዳዋና የሐረር ወላጆች፣ እንዲሁም ገንዘቡን ለሚልኩት ለልጆቹ ነው። በመጪው ክረምት ወደ ግሪንላንድ ለሚሄዱ ሰዎች «የሙሉ ቀን የበረዶ ተራራ ጉብኝት» የሚባል ትኬት ከዋናው የመርከብ ጉዞ ተለይቶ በከዚራ ሰፈር እየተሸጠ ነው፤ የበረዶ ተራራ የሚባለው ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ግዙፍ የበረዶ ክምር ነው። እኔና ባለቤቴ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ለተጓዝነው ጉዞ ይህንኑ ትኬት በ98,000 ብር ገዝተናል። እንዲህ ያለ ጉብኝት ጭራሽ እንደሌለ ያወቅነው ግን መርከቡ ላይ ከተሳፈርን በኋላ ነው።

ዋናውን ጉዞ የገዛችልንና አብራን የተጓዘችው ኮፐንሀገን የምትኖረው ልጃችን ስትሆን፣ በእርሱ ላይ አንዳችም ቅሬታ የለኝም። መርከቡ ከአይስላንድ ሬይክያቪክ ተነስቶ የግሪንላንድን ምዕራባዊ ጠረፍ ተከትሎ እስከ ኢሉሊሳት ከተማ የሚሄድ፣ መንገደኞቹንም ዞዲያክ በሚባሉ የጎማ ጀልባዎች እያወረደ የሚያስጎበኝ የአሰሳ መርከብ ነበር። ትኬቱን የሸጠልን የቪዛ ወረቀታችንን ሲያሟላልን የቆየ የጉዞ ወኪል ነው። በመርከቡ ዋጋ ውስጥ ያለው በረዶውን ከመርከቡ ላይ ሆኖ ከሩቅ ማየት ብቻ እንደሆነ፣ እርሱ የሚሸጠው ግን ጠዋት በተለየ ጀልባ ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ የበረዶ ግግሩ (ከየብስ ቀስ እያለ ወደ ባሕር የሚወርደው ግዙፍ በረዶ) እየተገመሰ ባሕር ውስጥ እስከሚወድቅበት ግንባር ድረስ የሚያደርስ ጉብኝት እንደሆነ ነገረን። «አብሽር አባቴ፣ ይህን ሳታይ ከተመለስክ ግሪንላንድ ሄድኩ አትበል» አለኝ። ለቦት ጫማ ኪራይ ደግሞ 9,000 ብር ጨመረ።

እኔ በምድር ባቡር ትኬት ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለገሃር በነበርንበት ዘመን መነሻው፣ መድረሻው፣ ማዕረጉና ቀኑ ያልተጻፈበት ትኬት ለመንገደኛ አይሰጥም ነበር፤ መንገደኛውም ቢጎድልበት ይመልሰው ነበር። ከዚህ ወኪል የተቀበልኩት ወረቀት ግን «የሙሉ ቀን ጉብኝት፣ እስከ በረዶ ግግሩ ግንባር፣ ለሁለት ሰው» ከሚል የእጅ ጽሑፍና ከዋጋው በቀር ምንም አልነበረበትም። የጀልባው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ወደብ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም እንደማይመለስ አልተጻፈም። ዕድሜዬን ሙሉ ትኬት ስቆርጥ ኖሬ ይህን ሳልጠይቅ መክፈሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገዢዎች ሊያውቁት የሚገባው ዋናው ነገር ወኪሉ የሸጠልን ተስፋ በቦታው ተፈጥሮ ምክንያት ሊፈጸም የማይችል መሆኑ ነው። ኢሉሊሳት ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ስሟም በአገሬው ቋንቋ «የበረዶ ተራሮች» ማለት ነው። በአጠገቧ ያለው የበረዶ ፊዮርድ (ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጠባብና ረጅም የባሕር ሰርጥ) እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፊዮርዱ ጫፍ ያለው ሰርሜክ ኩያሌክ የሚባለው የበረዶ ግግር በቀን እስከ 40 ሜትር የሚደርስ ርቀት ይጓዛል፤ በዓመትም ከ35 ኪዩቢክ ኪሎሜትር በላይ በረዶ እየገመሰ ይጥላል። ይህ ሁሉ በረዶ በአሥር ኪሎሜትሮች የሚቆጠረውን ፊዮርድ ሞልቶት ቀስ እያለ ወደ አፉ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ከውሃው በታች የጥንት በረዶ አግበስብሶ የተወው የአፈርና የድንጋይ ግድብ ስላለ፣ ከሥር ጥልቅ የሆኑት ትልልቆቹ ተራሮች ግድቡ ላይ ተቀርቅረው ይቆማሉ፤ ኋላም ቀልጠው ሲቀንሱ ወይም ተሰብረው ሲቀሉ ወደ ሰፊው ባሕር ይወጣሉ። ስለዚህ የጎብኚ ጀልባ የሚደርሰው እነዚህ ተራሮች ወደ ቆሙበት የፊዮርዱ አፍ ነው። ከዚያ እስከ ግግሩ ግንባር ያለው መንገድ በበረዶ የተጠቀጠቀ በመሆኑ፣ ግንባሩን ማየት የሚፈልግ ሰው በሄሊኮፕተር ወይም በትንሽ አውሮፕላን ይሄዳል። በጀልባ አደርሳለሁ የሚል ሻጭ ወይ ቦታውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል።

ኢሉሊሳት በደረስንበት ጠዋት ወረቀታችንን ይዘን ወደ መርከቡ የእንግዳ መቀበያ ስንሄድ፣ የነበረችው ሠራተኛ ደጋግማ ካየችው በኋላ እንዲህ ያለ ጉብኝት በእነርሱ በኩል እንደሌለ፣ የወኪሉንም ስም እንደማያውቁት በትሕትና ነገረችን። ቀጥላም የዞዲያኩ ጉብኝት በጉዞው ዋጋ ውስጥ የተካተተና ለሁሉም መንገደኛ የተፈቀደ መሆኑን፣ ቦት ጫማም መርከቡ ያለ ክፍያ እንደሚያውስ አስረዳችን። በምድብ ተከፋፍለን ተራችን ሲደርስ ወጣን፤ ውሃው ላይ የቆየነው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ያየነውን አላናንቀውም። ባለቤቴ ከሰማያዊው በረዶ ፊት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንደቆመች ቀርታለች፤ ያ የተከፈለልን በልጃችን ገንዘብ ነው። ለወኪሉ የከፈልነው 107,000 ብር ግን የገዛልን አንዳች ነገር የለም።

ስለ ደኅንነቱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ወኪሉ አሁንም ለሰዎች «በረዶውን በእጃችሁ ትነካላችሁ» እያለ መሆኑን ሰምቻለሁ። ከአንድ የበረዶ ተራራ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ያለው ከውሃ በታች ነው። የታችኛው ክፍል ሳይታይ እየቀለጠ ሚዛኑ ሲዛባ ተራራው ያለ ምንም ምልክት ሊገለበጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሚያስነሳውም ማዕበል ጀልባ ይገለብጣል። አስጎብኚያችን በቂ ርቀት ሳይጠብቅ አንድም ጊዜ አልቀረበም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የነጠቀን የድሬ ልጆች፣ ጸጥ ያለ ውሃ ምን እንደሚያመጣ ሌላ ሰው እንዲነግረን አያስፈልገንም። ስለዚህ በረዶ አስነካለሁ የሚል ጉብኝት ቢገኝ እንኳ ሊገዛ አይገባውም።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን ወደ ከተማዋ ይዛን ወረደች፤ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ የማስበውን ነገር ያገኘነውም እዚያ ነው። ከከተማዋ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተከፈተው የበረዶ ፊዮርድ ማዕከል አጠገብ የሚነሳ የእንጨት መረማመጃ አለ። ሰዎች ከ4,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይኖሩበት በነበረው በሰርመርሚውት ሸለቆ አድርጎ በፊዮርዱ አፍ የተቀረቀሩት ተራሮች ፊት ለፊት ያደርሳል። ጉልበቴ የሚያመኝ ሰው ብሆንም እያረፍኩ ደርሻለሁ፤ በመረማመጃው ለመሄድም ማንም ገንዘብ አልጠየቀንም። በዳርቻው ድንገተኛ ማዕበል ስለሚነሳ ወደ ባሕሩ አትውረዱ የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች ስላሉ እነርሱን ማክበር ግድ ነው። ወደቡ ላይ ደግሞ ትንንሽ ጀልባዎች ወደ እነዚሁ ተራሮች የሚያደርጉትን ጉብኝት ይሸጣሉ፤ የጠየቅነው ዋጋ እኛ ለአንድ ሰው ለወኪሉ ከከፈልነው ሲሶውን እንኳ አይሞላም ነበር።

ልጃችን ከዚያው ሆና ወኪሉ ጋር ስትደውልለት፣ «ጀልባ ላይ ወጥታችኋል፣ በረዶም አይታችኋል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» የሚል መልስ ሰጣት። ከተመለስን በኋላም ሦስት ጊዜ ቢሮው ሄጃለሁ። መልሱ አልተለወጠም።

ይኸው ወኪል በቪዛውም ነገር ሊያሳስተን ነበር። የሸንገን ቪዛ (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው ቪዛ) ካላችሁ ይበቃል ብሎን የነበረ ሲሆን፣ ግሪንላንድ የዴንማርክ ግዛት ብትሆንም የሸንገን አካባቢ አካል አይደለችም፤ ቪዛው ለግሪንላንድ እንደሚያገለግል በግልጽ ተጽፎበት መሰጠት አለበት። እንደ እኛ ከአይስላንድ ተነስቶ ወደ አይስላንድ የሚመለስ መንገደኛ ደግሞ ከሸንገን ወጥቶ እንደገና ስለሚገባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከያዘ ሲመለስ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ልጃችን በጊዜ ባትደርስበት ኖሮ ጉዞው ሁሉ ይቀርብን ነበር።

በሕግ በኩል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም የመካስ መብት ሰጥቶታል። እኔን ያዳከመኝ የመብቱ አለመኖር ሳይሆን የማስረጃው ነገር ነው። ወረቀቴ ማኅተምም ሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፤ ገንዘቡንም በባንክ ሳይሆን በእጅ ነው የሰጠሁት። እባካችሁ ክፍያውን በባንክ አድርጉ፤ ሕጋዊ ደረሰኝም ሳትይዙ አትውጡ። ከዚያም በፊት ልጆቻችሁ ወደ መርከብ ድርጅቱ በቀጥታ ጽፈው በጉዞው ዋጋ ውስጥ ምን እንደተካተተና ምን ለብቻው እንደሚከፈል በጽሑፍ ይጠይቁ።

አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ገንደ ቆሬ የሚኖሩ አንዲት የባለቤቴ የዕድር ጓደኛ ለዚሁ ትኬት 20,000 ብር ቀብድ ማስያዛቸውን መስማቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጄ ወኪሉን ሦስት ነገር እንዲጽፍላቸው ጠየቅሁት፦ የጀልባው ድርጅት ስም፣ ውሃው ላይ የሚቆዩበት ሰዓት፣ ጉብኝቱ ባይኖር ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ። አንዱንም ለመጻፍ ፈቃደኛ አልሆነም። ለእርሳቸው ቀብዳቸውን እዚያው ቆጥሮ መልሶላቸዋል፤ የእኔ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።