ቴርቢናፊን ክኒን፦ ጥሩ መድኃኒት፣ ትዕግሥት የሚፈትን ሕክምና

ቴርቢናፊን በቅባትም በክኒንም የሚገኝ የፈንገስ መድኃኒት ሲሆን፣ እዚህ የምገመግመው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ባለ 250 ሚሊግራም ክኒን ነው። ለጥፍር ፈንገስ ሐኪሞች አስቀድመው የሚያዙት መሆኑ ተገቢ ይመስለኛል፤ ብዙ ተጠቃሚዎች «አልሠራልኝም» የሚሉት ግን ውጤቱን ያለ ጊዜው ስለሚፈልጉት ነው።

የፈንገስ ሴል ሽፋን የሚጸናው ኤርጎስቴሮል በተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሰው ሴል በዚያ ፋንታ ኮሌስትሮልን ይጠቀማል። ቴርቢናፊን ኤርጎስቴሮል እንዲመረት የሚያስፈልገውን ስኳሊን ኢፖክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ በአንድ በኩል ሽፋኑ ይዳከማል፣ በሌላ በኩል ወደ ኤርጎስቴሮል ሳይለወጥ የቀረው ስኳሊን በሴሉ ውስጥ ተጠራቅሞ ፈንገሱን ይገድለዋል። ሌሎች የፈንገስ መድኃኒቶች የሆኑት ፍሉኮናዞልና መሰሎቹ የሚያግዱት በዚያው ሂደት ላይ ዘግይቶ የሚመጣ ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ካንዲዳ በተባለው የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ላይ የተሻሉት ግን እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ከጥፍሩ ተፍቆ የሚወሰደው ናሙና በላቦራቶሪ ሳይታይ ክኒኑን መጀመር አልደግፍም። የወፈረና የቢጫ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ሶርያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታም ሆነ የቆየ ጉዳት ይህንኑ መልክ ያመጣል።

ክኒኑ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር ደግሞ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ይሁንና የተበላሸው ጥፍር ራሱ አይታከምም፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ቀጭን ጥፍር እየወጣ አሮጌውን ወደ ፊት ይገፋዋል እንጂ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም በጥፍሩ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ጥፍር ግን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቶቹን በተመለከተ ከማሸጊያው ጋር የሚመጣው ወረቀት ቅር ያሰኛል። ራስ ምታት፣ የሆድ መረበሽና ሽፍታ ከጉበት ጉዳት ጋር በአንድ ትንፋሽ ተደርድረዋል፤ ክብደታቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያዎቹ በብዛት ቀላልና አላፊ ናቸው። የምግብ ጣዕም መጥፋት፣ ጨዉም ስኳሩም አንድ እስኪመስል ድረስ፣ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ከቆመ በኋላ ቢመለስም ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላል። የጉበት ጉዳት እምብዛም የማይከሰት ቢሆንም ለሕይወት ያሰጋል፤ በመሆኑም ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ማድረግ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም የማያቋርጥ ማቅለሽለሽ ከታየም ክኒኑን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ነባር የጉበት ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም። ሜቶፕሮሎል የተባለው የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት እንዲሁም አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ የሚፈርሱበትን መንገድ ስለሚያግድም፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ችግሩ በእግር ጣቶች መካከል ብቻ ከሆነ ግን ክኒኑ ከልክ ያለፈ ነው፤ 1 በመቶ የቴርቢናፊን ቅባት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ይበቃዋል።