የታደሰው የባህር ዳርቻ የባላባት ቤት፦ ከነጩ ቀለም ሥር

ለሽያጭ የቀረበውን ይህን ቤት ከሩቅ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ረጃጅም መስኮቶች፣ አዲስ ነጭ ቀለም። ጣጣው ያለው እዚያው ነጩ ቀለም ሥር ነው። በኖራ የተገነባ የድሮ ግንብ እርጥበቱን ወደ ውጭ ይተነፍሳል። አዳሾቹ ግን ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ ለስነውታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ የባህሩ ነፋስ ያመጣው ጨውም ከልስኑ ጀርባ ይጋገርና ድንጋዩን እንደ ዱቄት ያረግፈዋል። በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል ማለት ነው። ሲሚንቶው ተፍቆ በ1 እጅ ኖራና በ3 እጅ የታጠበ አሸዋ እንደገና መለሰን አለበት (የባህር ዳርቻ አሸዋ አይሆንም፣ ጨዉን መልሶ ያስገባል)። ይህ ወጪ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት።

ጣሪያው በደንብ ተሠርቷል። ግንቡ ውስጥ የተቀበረው የወለል ተሸካሚ እንጨት ጫፍ ግን በእርጥበት መለኪያ ይታይ፤ ከ20 በመቶ ካለፈ ለመበስበስ ይጋለጣል። የመስኮቶቹ ማጠፊያዎች ተራ ብረት ስለሆኑ ዝገታቸው ፍሬሙ ላይ ወርዷል። ለባህር አየር የሚያዋጣው 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው፤ 304 ርካሽ ቢሆንም ብዙ ሳይቆይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።